አካንቶ ሞተ ወይስ ተኛ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሮም ሰው ቤት ተቀጥሬ ነው የምሠራው፣ የግቢውን አትክልትም የማየው እኔው ነኝ። ግድግዳው ሥር፣ ጥላው ጋ፣ ጣሊያኖቹ «አካንቶ» የሚሉት ቅጠለ ሰፊ ተክል አለ። ግንቦት ላይ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ ነጭና ወይን ጠጅ አበባ አውጥቶ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተነጠፈ። ሴትዮዋ «ውሃ ነፍገሽ ገደልሽው» ትለኛለች። እውነት ሞቷል? ደግሞስ የድሮ ሕንጻ ላይ የሚቀረጸው ይሄ ቅጠል ነው የሚሉት እውነት ነው? (ከሮም)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ተኝቶ ነው። እዚያ አገር ዝናቡ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው፣ በጋው ደረቅ ነው። ሙቀቱና ድርቀቱ ሲበረታ አካንቶ ቅጠሉን ጥሎ ሥሩ ውስጥ ይደበቃል። ለማረጋገጥ አፈሩን በጣትሽ ጫር ጫር አድርጊና ሥሩን ንኪው። ወፍራምና ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ላሽቆ ከሸተተሽ ግን ውሃ ያነሰው ሳይሆን የበዛበት ነው፣ ስለዚህ ሴትዮዋን ለማስደሰት ብለሽ በየቀኑ እንዳታጥለቀልቂው። የደረቀውን ቅጠል ቆርጠሽ ጣይ፣ የመጸው ዝናብ ሲጥል ራሱ ብቅ ይላል። ያኔ ጠላቱ ቀንድ አውጣ ነው፣ ለጋውን ቅጠል ሌሊት ሲበላው ያድራልና ማታ ማታ በባትሪ እያየሽ ልቀሚ።

ስለ ቅርጹም እውነታቸውን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የኖረው ሮማዊው አርክቴክት ቪትሩቪየስ እንዲህ ብሎ ጽፏል። በቆሮንቶስ (ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ከተማ ናት) አንዲት ለትዳር የደረሰች ልጅ ሞተች። ሞግዚቷ ልጅቷ የምትወዳቸውን ትንንሽ ዕቃዎች በቅርጫት ሰብስባ መቃብሯ ላይ አስቀመጠች፣ እንዳይበላሽም በጣሪያ ሸክላ ከደነችው። ቅርጫቱ ያረፈው ለካ የአካንቶ ሥር ላይ ኖሯል። ጸደይ ሲመጣ ቅጠሉ በቅርጫቱ ዙሪያ ወጣ፣ ወደ ላይ ሲያድግ ሸክላው ከለከለውና ጫፉ ወደ ውጭ ተጠቀለለ። ካሊማኮስ የሚባል ቀራጭ ሲያልፍ አይቶ የአምድ ራስ አደረገው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1893 ኦስትሪያዊው የኪነ ጥበብ ታሪክ ምሁር አሎይስ ሪግል ጌጡ ከዘንባባ መሰል የቀድሞ ጌጥ የመጣ ነው ብሎ ታሪኩን አልተቀበለውም። እሱ ሳይሻል አይቀርም፣ እኔ ግን ሞግዚቷን መርሳት አቅቶኛል።

የዕረፍት ቀንሽ ላይ ፓንቴዎን ወደሚባለው የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ ሂጂና በሩ ላይ ካሉት 16 አምዶች አንዱ ሥር ቆመሽ አንጋጥጪ። ቅጠሉ በሁለት ረድፍ ነው፣ በየረድፉ 8። ከቻልሽ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9 ዓመት የተመረቀውን አራ ፓቺስ የሚባለውን የሮማውያን መሠዊያ እዪ፣ እብነ በረዱ ላይ ከአንድ የአካንቶ እግር ግድግዳውን የሚሞላ ሐረግ ወጥቷል፣ ቅጠሎቹ መሃል እንሽላሊትና እንቁራሪት ተደብቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ አዳዲስ ቪላዎች በረንዳ ላይ ያለው የጂፕሰም አምድ አናትም የዚሁ የልጅ ልጅ ነው፣ ብዙው ግን ጎመን ይመስላል።

የአካንቶ ዘመድ እኛም አገር አለ። ደጋ ላይ ብዙ ቦታ ኮሸሽላ የሚሉት (ስሙን ለሌላም እሾሃም ተክል ይሰጡታል)፣ በሳይንሱ አካንቱስ ሴኒ የሚባለው፣ አበባው ቀይ የሆነው። ልጅ ሆነሽ ወግቶሽ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ካሊፎርኒያ ነው ያለሁት፣ ጡረተኛ ነኝ። ይህንኑ ተክል ሦስት ጊዜ ነቅዬ ጣልኩት፣ ሦስቴም ተመልሶ በቀለ። ምን ይሻለኛል? (ከኦክላንድ)

መልስ፦ አባቴ፣ ሲነቅሉት ሥሩ እየተቆራረጠ ይቀራል፣ ከየቁራጩም አዲስ ይበቅላል። ስለዚህ ዶማውን ጠለቅ አድርገው ይቆፍሩና ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ይልቀሙ፣ ከዚያ በኋላ ብቅ ያለውን ሁሉ ገና ለጋ ሳለ ይቁረጡ። አንድ ዓመት ላይበቃ ይችላል። አበባውንም ሳያፈራ ይቁረጡት፣ ፍሬው ሲደርቅ ጧ ብሎ ፈንድቶ ዘሩን ራቅ አድርጎ ይረጫል። ለጎረቤት ችግኝ የሚሰጡ ከሆነ ግን ጠባዩን አስቀድመው ይንገሩ፣ ኋላ ይኳረፋሉ።