ኦክሲ ከመሸጥሽ በፊት

ከቢሾፍቱ የጻፍሽልኝ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሌላው አንባቢ እንዲገባው ባጭሩ ላስቀምጠው። የእንስሳት ሕክምና ተመራቂ ነሽ። ለተግባር ልምምድ የወጣሽው ከከተማው ዳር ወዳለ አንድ የአሳማ እርባታ ነበር። እዚያ ሳለሽ አንዲት አሳማ ወለደች። በሦስተኛው ቀን ግልገሎቹን ውሃ የመሰለ ቢጫ ተቅማጥ ያዛቸው። ባለቤቱ ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) ወጋቸው። አብዛኞቹ ሞቱ፤ ሦስቱ ግን ተረፉ። "እነዚህስ ለምን ተረፉ?" ብለሽ መምህርሽን ጠየቅሽ። እሳቸውም ጥያቄሽን ወደዱት። ለሁለተኛ ዲግሪሽ በቫይረስ ተቅማጥ የተያዙ ግልገሎችን የአንጀት ባክቴሪያ እንድታጠኚ ሐሳብ አቀረቡልሽ። በዚያው ሰሞን አንድ የእንስሳት መድኃኒት አስመጪ ድርጅት በሽያጭ ሠራተኛነት ሊቀጥርሽ ጠራሽ። ደመወዙ ደህና ነው፤ ኮሚሽን አለው። ታላቅ ወንድምሽ "የአሳማ አዛባ ልትሰበስቢ ነው ያስተማርንሽ?" አለሽ። እናትሽ ደግሞ ለጎረቤት ምን እንደሚሉ ጨንቋቸዋል። ድርጅቱ በሁለት ሳምንት መልስ ይፈልጋል።

የኔን አቋም ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ጥናቱን ያዢ፤ ሽያጩን ተይው።

ያ ባለቤት ክፉ ሰው አይደለም። ግልገል እያለቀበት እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። በእጁ ያለው ኦክሲ ነው፤ ያለውን ወጋ። ግን ኦክሲቴትራሳይክሊን ቫይረስ አይገድልም። ሮታ ቫይረስም ሆነ ከኮሮና ቤተሰብ የሆነው የአሳማ ወረርሽኝ ተቅማጥ ቫይረስ ትንሹ አንጀት ውስጥ ገብቶ ምግብ የሚመጥጡትን ሕዋሳት ያረግፋቸዋል። አንጀቱን ከውስጥ የሸፈኑት ጣት መሰል ቅጥያዎች ያጥራሉ። የጠባው ወተት ሳይፈጭ ያልፋል። ግልገሉ የሚሞተው ውሃና ጨው አልቆበት ነው። ዕድሜው ገፋ ያለ ግልገል የረገፈውን ቶሎ ይተካል። ከሳምንት በታች ያለው ግን ለመተካት ጊዜ አያገኝም። ይህ ከኮሮና ቤተሰብ የሆነው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ሲገባ ሚሊዮኖች ግልገሎች ያለቁት መድኃኒት ጠፍቶ አልነበረም።

ነገሩን የሚያወሳስበው መድኃኒቱ አንዳንዴ የሚሠራ መምሰሉ ነው። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ብቻውን ተቅማጥ ያመጣል። ኮክሲዲያ የተባለው ጥገኛ ተውሳክም ያመጣል። በረት ውስጥ ቆመሽ ቀለሙን አይተሽ አትለዪውም። ኢ. ኮላይ በሆነ ቀን መርፌው ሊሠራ ይችላል፤ ባለቤቱ የሚያስታውሰው ያንን ቀን ነው። ቫይረስ በሆነ ቀን ግን መርፌው የሚያገኘው በአንጀቱ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ነው፤ ጠቃሚዎቹንም ጭምር።

መምህርሽ የሰጡሽ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው ዋጋው። በሌሎች አገሮች የተሠሩ ጥናቶች በዚህ ተቅማጥ የተያዘ ግልገል አንጀት ውስጥ ላክቶባሲለስ የተባለው ጠቃሚ ባክቴሪያ ሲቀንስ፣ የኢ. ኮላይ ወገን ደግሞ ሲበዛ አይተዋል። ግን የቱ ነው የቀደመው? ባክቴሪያው የተዛባው ቫይረሱ አንጀቱን ስላቆሰለው ነው? ወይስ ቫይረሱ የበረታው ባክቴሪያው ቀድሞ ስለተዛባ ነው? ምናልባት ደግሞ ሦስቱ የተረፉት በሌላ ምክንያት ይሆናል። የአሳማ ግልገል ከእናቱ ማሕፀን በሽታ የሚከላከል ፀረ እንግዳ አካል ይዞ አይወለድም። የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ ያውም በመጀመሪያው ቀን። ሦስቱ ቀድመው የጠቡት ነበሩ? ወተት የሚበዛባቸውን የፊተኞቹን ጡቶች የያዙት እነሱ ነበሩ? ጽፈሽው ከሆነ ማስታወሻሽ ወርቅ ነው። ካልጻፍሽው ገና ሳይረሳሽ ዛሬውኑ ጻፊው።

አሁን የሽያጩን ሥራ አስቢው። ወደዚያው እርባታ ትመለሻለሽ። ሰውየው "ዶክተር፣ ደግሞ ተቅማጥ ገባብኝ" ይልሻል። ቦርሳሽ ውስጥ ኦክሲ አለ፤ ኮሊስቲን አለ። የወሩ ኮታሽ ገና አልሞላም። እውነተኛው ምክር "ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ በረቱን አሙቅላቸው፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጠህ አጠጣቸው፣ መርፌ ሳትወጋ ናሙና ላክ" የሚል ነው። ይህ ምክር ኮሚሽን የለውም። በሽያጭ ውስጥ ቅን ባለሙያዎች አሉ፣ አውቃቸዋለሁ። ግን ልምድ ያላቸው፣ ለአለቃቸው "ይህን አልሸጥም" ማለት የሚችሉ ናቸው። ትናንት የተመረቀች ልጅ ይህን ማለት ይከብዳታል። ኮሊስቲንን ስጠራልሽ ደግሞ በዘፈቀደ አይደለም። ለሰው ልጅ የመጨረሻ አማራጭ ተብለው ከተቀመጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን መድኃኒት የሚያስከሽፍ፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ዘረመል መገኘቱ ሲገለጽ ዓለም ደነገጠ። የተገኘው ቻይና ውስጥ ነው፤ ከአሳማዎችም ጭምር።

እኔ ከላቦራቶሪ ጠረጴዛ የመጣሁ ነኝ። ለዓመታት ናሙና ስቀበል ኖሬያለሁ። ከእርባታ የሚመጣልን ዓይነ ምድር ሃይላንድ ውስጥ ተጨምሮ፣ ሚኒባስ ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሎ፣ አፉ በፌስታል ታስሮ ነበር። የግልገሉ ዕድሜ አልተጻፈበትም። መድኃኒት ይወሰድ አይወሰድ አይታወቅም። ከዚያ ሃይላንድ ምንም መልስ አይወጣም፤ ባለቤቱ ግን መልስ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ናሙና በትክክል ወስዳ፣ በበረዶ አድርሳ፣ ውጤቱን አንብባ ለገበሬው የምታስረዳ ባለሙያ ስትመጣ ሥራ ታጣለች ብዬ አልሰጋም። ያለሽበትንም ቦታ አስቢው። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ቢሾፍቱ ነው። ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ተቋምም፣ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከልም እዚያው ናቸው። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ደግሞ ሰበታ ነው። ሁሉም ከአዲስ አበባ ጥግ ናቸው። ፒሲአር (ዘረመልን አባዝቶ ተሕዋስን የሚለይ ምርመራ) መሥራት፣ የባክቴሪያ ዘረመል መረጃ መተንተን የቻለች ልጅ በሰው ጤና ላቦራቶሪም ትፈለጋለች። ሮታ ቫይረስ እኮ ሕፃናትንም የሚያጠቃ ቤተሰብ ነው፤ አገራችን ክትባቱን ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

ይህን ለእናትሽ መንገር ትችያለሽ። ግን ሥራሽ የሚያስከብረው ወደ ሰው ስለተጠጋ ብቻ ነው እንዳትዪ። የአሳማ ግልገልም ሲታመም ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ኑሮው የተመሠረተበት ሰው አለ። ሥጋውን አለመብላት የቤታችሁ ሃይማኖት ነው፤ ማንም አይነካባችሁም። የታመመ እንስሳ ማከም ሌላ ነገር ነው። እናትሽ ከኔ ይልቅ የንስሐ አባታችሁን ይሰማሉ። ሄደሽ አማክሪያቸው፤ እሳቸው ያነጋግሩልሽ።

ወንድምሽን ግን በቀጥታ ጠይቂው። ድርጅቱ ያንን ኦክሲ ለማን የሚሸጠው ይመስለዋል? ለዚያው አሳማ አርቢ ነው። ኮሚሽኑ የሚመጣው ከዚያው በረት ነው። ብሩ ሲሆን ያልሸተተው አሳማ ትምህርት ሲሆን ለምን ሸተተው? ይህን ስታነሺ አትቆጪ፤ አስተምሮሻል፤ ባለውለታሽ ነው። የታናሽ እህትሽን የትምህርት ቤት ክፍያ ከመስከረም ጀምሮ አንቺ ትሸፍኛለሽ ብሎ እንደሚጠብቅ ጽፈሻል። መጠበቁ አግባብ ነው። የምትችይውን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪው፤ ትንሽም ቢሆን በየወሩ የማይቀር ይሁን። "እስክመረቅ ይህን ያህል፣ ከዚያ በኋላ ሙሉውን" በዪው። ቅዳሜና እሑድ በዶሮና በወተት እርባታዎች በቀን ሒሳብ የምክር ሥራ መሥራት ይቻላል፤ ቢሾፍቱ አካባቢ እርባታ ሞልቷል። ግን ውለታ መክፈል ማለት እሱ በመረጠልሽ ሙያ መኖር ማለት አይደለም። ይህን እሱ ባይቀበልም አንቺ እወቂው።

ጥናቱንም ቢሆን ዓይንሽን ጨፍነሽ አትግቢበት። በዚህ ሳምንት መምህርሽን ቁጭ ብለሽ ጠይቂያቸው። የዘረመል ንባቡን ወጪ የሚከፍለው ማነው? የሚሠራው የት ነው? ኬሚካሉ ዘግይቶ ቢመጣ ናሙናው የሚቆይበት፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚደግፈው ፍሪዘር አለ? "ይገኛል፣ አይዞሽ" በጀት አይደለም፤ በወረቀት ይጻፍልሽ። በጀቱ ጠባብ ከሆነ ጥያቄውን አሳንሺው። ከአንድ እናት የተወለዱ፣ ዕድሜያቸው እኩል የሆነ፣ የታመሙና ያልታመሙ ግልገሎች፤ መድኃኒት ሳይወጉ የተወሰደ ናሙና፤ ሮታ ቫይረስና ኢ. ኮላይን የሚለይ ምርመራ። ከወረርሽኙ በፊትም ከእነዚያው ግልገሎች ናሙና መውሰድ ከቻልሽ የቱ ቀደመ ለሚለው ጥያቄ ፍንጭ ታገኛለሽ። ይህ ብቻውን ጥሩ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። በነገራችን ላይ፣ ከአንዱ እርባታ ወደ ሌላው በዚያው ቦቲ አትሂጂ። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አገራችን ውስጥ ታይቷል፤ ክትባትም መድኃኒትም የለንም። በሽታው በምግብ ትርፍራፊም ስለሚተላለፍ የሆቴል ትርፍራፊ ሳይቀቅሉ የሚያበሉትንም ምከሪያቸው።

የቀሩትን ጥያቄዎችሽን በአጭሩ። እንግሊዝኛሽ ደካማ ነው ብለሽ አትፍሪ፤ በየቀኑ አንድ ገጽ ጻፊ፣ የሚያርምሽ ሰው ፈልጊ። ውጭ አገር የመማር ዕድል ካለሽ ከማስተርሱ በኋላ ይሻላል፤ የራስሽን መረጃ ይዘሽ ነው የምትሄጂው። "አሳማ የምትነካ ልጅ ማን ያገባታል" ለሚሉሽ መልስ አትስጪ።

መምህርሽ በጀቱን በጽሑፍ ካረጋገጡልሽ ቀነ ገደቡን አትጠብቂ፤ በማግስቱ ለድርጅቱ ጻፊ። "ስለ ዕድሉ አመሰግናለሁ፣ ትምህርቴን ለመቀጠል ወስኛለሁ" በቂ ነው፤ በአክብሮት ይሁን፣ አንድ ቀን የምርመራ ክፍል ይከፍቱ ይሆናል። በጽሑፍ ካልሰጡሽ ግን ለድርጅቱ እምቢም እሺም ሳትዪ ተጨማሪ አንድ ሳምንት ጠይቂያቸውና ኮሌጁ ውስጥ ገንዘብ ያለው ፕሮጀክት የያዘ ሌላ መምህር ፈልጊ።