መልስ፦ እናቴ አሜሪካ ስትገባ ማህተሙ ላይ ቀኑ ተሳስቷል፣ ኤምባሲ ልሂድ?

እህቴ፣ አይዞሽ። ከአራት ኪሎ ተነስተሽ ኤምባሲ በር ላይ አትንገላቺ፤ ኤምባሲው ቪዛ ይሰጣል እንጂ የመግቢያ ማህተም አያርምም። መጀመሪያ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሺው እንዳልተሳሳትሽ እዪ፣ ብዙ ሰው እሱ ላይ ይደናገጣል።

ከዚያ እናትሽ ጋ ያለ ሰው የአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ድረ ገጽ ላይ ፓስፖርታቸውን አስገብቶ አይ-94 የሚባለውን፣ የገቡበትንና እስከ መቼ መቆየት እንደተፈቀደላቸው የሚያሳየውን መዝገብ ያውጣላቸው፤ በቢ-2 (የጉብኝት) ቪዛ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ስለሚሰጠው፣ እዚያም ላይ ያጠረ ቀን ካለ ዲፈርድ ኢንስፔክሽን የሚባለውን፣ የመግቢያ መዝገብ ስህተት የሚያርመውን የዚሁ መሥሪያ ቤት ቢሮ ያናግሩ። ስህተቱ የኦፊሰሩ ከሆነ በነፃ ነው የሚያስተካክሉት። ፓስፖርትና የአውሮፕላን ትኬታቸውን ይዘው ይሂዱ።

ብቻ ዛሬ ነገ አትበሉ፣ በጣም እለምንሻለሁ! የተፈቀደው ቀን ካለፈ ቪዛው ራሱ ይበላሻል።