ሁለት ጃክ ይዞ ለጠየቀኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጥያቄ ላከልኝ። የፖከር ውድድሩ ገና ተጀምሯል፣ ሁለት ጃክ ደርሶታል፣ ከፊቱ ያለው ሰው ደግሞ ጨምሯል። «ጋሼ፣ ምን ባደርግ ይሻለኝ ነበር?» ይላል። በሁለት መስመር ልመልስለት ስል አንድ የድሮ ጨዋታ ትዝ አለኝና እንቅልፍ ነሳኝ።

ያኔ ከካርታ ሌላ ገቢ አልነበረኝም። የመግቢያውን ግማሽ የከፈለልኝ ጓደኛዬ ነው። በ20,000 ቺፕ (የመጫወቻ ሳንቲም) ጀመርን፣ ብላይንዱ፣ ማለትም ካርታ ሳይታይ ሁለት ተጫዋቾች በግድ የሚያስገቡት፣ 50 እና 100 ነበር። የትልቁን ብላይንድ 200 እጥፍ ይዤ ምን አስቸኮለኝ? 40 ደቂቃ ሙሉ ካርታውን ሲጥል የቆየ አንድ ሽማግሌ 300 አለ። እኔ ጃኮቼን አይቼ 1,000 አደረግኩት። ሌሎቹ ካርታቸውን ጣሉ፣ እሱ ተከተለ፣ ማለትም ያንኑ ያህል አስገባ። ፍሎፑ ላይ፣ ማለትም ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም በሚገለጡት የመጀመሪያ ሦስት ካርታዎች፣ 9፣ 6 እና 2 ወጡ። ጃክ ይዛችሁ ፍሎፑ ላይ ከጃክ የሚበልጥ ካርታ የሚወጣው ከ100 ጊዜ 57 ያህሉን ስለሆነ፣ ተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ሽማግሌው ቼክ አለ፣ ምንም ሳያስገባ አሳለፈ። 1,300 አስገባሁ። ወደ 4,200 ከፍ አደረገው።

ማቆም የነበረብኝ እዚህ ጋ ነው። እጁ አልተንቀጠቀጠም፣ ቺፑን እንደ ቤት ኪራይ ቆጥሮ ነው ያስቀመጠው። እኔ ግን ተከተልኩ። ተርኑ ላይ፣ ማለትም አራተኛው የጠረጴዛ ካርታ፣ 4 ወጣ፣ እሱም የቀረውን 14,800 በሙሉ ገፋው። ብዙ አሰብኩ፤ ያሰብኩት ግን ስለ ካርታው አልነበረም፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት «ፈራ» እንዳይሉኝ ነበር። ከፈልኩ። ሁለት 9 ገለጠ፣ ከጠረጴዛው ጋር ሦስት። ከቀሩት 44 ካርታዎች የሚያድኑኝ ሁለት ጃኮች ብቻ ነበሩ፣ አልመጡም።

ጓደኛዬ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ካርታን በመዳፍ ሸፍኖ ማየት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ጣቶቹ ረጃጅም ስለነበሩ ከጎኑ የተቀመጠ እንኳ ምንም አያይም። «ዕረፍት ወጣችሁ እንዴ?» አለኝ። ዕድል ከዳኝ አልኩት። አይዞህ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። እውነቱን እስከ መጨረሻው አልነገርኩትም። ከቺፑ ይልቅ ይቺ ናት የምታመኝ።

እናንተ የዛሬ ልጆች በየትኛው ካርታ ምን ማድረግ እንደሚሻል የሚያሳየውን ሰንጠረዥ በቃላችሁ ታውቃላችሁ፣ ግን በየመሀሉ ስልካችሁን ስታዩ ያ ዝም ያለው ሰው ያመልጣችኋል። ያኔ ሰንጠረዡ በነበረኝ ብዬ የምመኝበት ቀንም አለ፣ አልዋሽም።

በገንዘብ ጨዋታ ላይ ቺፕ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል። እንዲህ ባለ ውድድር ግን ካለቀ አለቀ፣ ቺፕህን እጥፍ ማድረግም የሽልማት ተስፋህን እጥፍ አያደርገውም። ስለዚህ ገና ሲጀመር ጃክ ይዘህ ከሆነ ተከተልና ፍሎፑን እይ። ሦስተኛ ጃክ የሚመጣው ከስምንት ወይም ከዘጠኝ አንዴ ነው፣ ካልመጣ ማሰሮው፣ ማለትም መሀል የተከማቸው ቺፕ፣ እንዳያብጥ ተጠንቀቅ። ደግመህ አትጨምር እያልኩህ ግን፣ የጨመረው ሰው በየዙሩ የሚጨምር ከሆነ እኔ ራሴ ዛሬም እጨምርበታለሁ።

አንተ ግን ዋናውን አልነገርከኝም። ሰውዬው ከዚያ በፊት ስንት ዙር ተጫውቷል? ከፊቱስ ምን ያህል ቺፕ ነበር? እሱን ጻፍልኝና እንነጋገራለን።