ሰራተኞቻችን መኪና ተጋርተው እንዲመጡ ምን እናርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን አዘጋጆች። እኔ የምሰራው ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ መስሪያ ቤት ሰው ሀይል ክፍል ነው። አብዛኛው ሰራተኛችን ከአያት፣ ከሲኤምሲና ከሰሚት ነው የሚመጣው፣ መኪና ያለው ብቻውን እየነዳ፣ የሌለው ደግሞ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ቆሞ አርፍዶ ይገባል። አለቆቻችን ሰራተኛው ተጋርቶ እንዲመጣ አበረታቱ አሉን፣ ማስታወቂያ ለጠፍን፣ ቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን፣ ሁሉም አሪፍ ሀሳብ ነው ይላል ግን የሚጀምር ጠፋ። ምን ብናረግ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰራተኞችሽ ሀሳቡን ጠልተውት አይመስለኝም። በ2014 ክረምት 48 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ታህሳስ መጨረሻ ከ100 ብር አልፏል፣ ይሄን መኪና የሚነዳ ሰው ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። እኔ እንደማየው የያዛቸው ይሉኝታ ነው። ባለመኪናው የስራ ባልደረባውን ብር መጠየቅ ያፍራል፣ ተሳፋሪውም በየቀኑ በነፃ መሄድ ይከብደውና ትንሽ ሰንብቶ "ዛሬ የምሄድበት ቦታ አለ" እያለ ቀስ በቀስ ይቀራል።

ስለዚህ ሂሳቡን ለነሱ አትተዉት፣ መስሪያ ቤቱ ራሱ ይቁረጠው። ከሰሚት ሜክሲኮ ደርሶ መልስ ስንት ሊትር እንደሚፈጅ አስሉና ነጂውንም ቆጥራችሁ መኪናው ውስጥ ላሉት አካፍሉት፣ ከዛ ደሞዝ ቀን በቴሌብር ይላክ፣ በየቀኑ ብር መቀባበል ይቅር። ነዳጅ ሲጨምርም አዲሱን ሂሳብ እናንተ አውጡ፣ ሹፌሩ አፍ አውጥቶ እንዲናገር አታርጉት። ግን ከነዳጁ ወጪ በላይ እንዳይሰበሰብ፣ ኮድ 2 የቤት መኪና ነው፣ ሰው ጭኖ ለማትረፍ ፈቃድ የለውም፣ ኢንሹራንሱም ለግል መገልገያ ተብሎ የተገባ ከሆነ አደጋ ሲደርስ ካሳው ላይ ጭቅጭቅ ሊመጣ ይችላል። ባለመኪኖቹ ከመጀመራቸው በፊት ኢንሹራንሳቸውን በፅሁፍ ይጠይቁ፣ ደብዳቤውን እናንተ ብታዘጋጁላቸው ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ፍርሀት የመመለሻው ነገር ነው፣ ይሄ ብዙ ቦታ ይረሳል። መኪናዋን ቤት ትታ የመጣች እናት ቀን 8 ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት "ልጅሽ አሟታል ነይ ውሰጃት" ብለው ቢደውሉላት ምን ትሁን? ከጦር ኃይሎች አያት የሚሄደው ባቡር በሜክሲኮ ያልፋል እርግጥ፣ ግን የታመመ ልጅ ለማምጣት የምትሮጥ ሰው ባቡር ጠብቂ አትባልም። እንዲህ አይነት ድንገተኛ ነገር ሲመጣ የራይድ ወይ የፈረስ ታክሲ ሂሳቡን መስሪያ ቤቱ እንደሚሸፍን በፅሁፍ ይወጣ። በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር አይደለም ስለዚህ ወጪው አያስፈራችሁ፣ ግን ቃሉ ከሌለ መኪናዋን አትተውም። መውጫ ሰዓት ላይ ስብሰባ የሚጠሩ አለቆችንም አናግሪያቸው፣ አንድ ሰው በስብሰባ ሲያዝ ሌሎቹ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል፣ ይሄ ከተደጋገመ ግሩፑ ይፈርሳል።

ሴቶቹን ደሞ ለብቻ ጠይቂያቸው። ከወንድ ባልደረባ ጋር በየቀኑ መምጣት ወሬ ያስነሳብኛል ብላ የምትሰጋ አለች፣ በሰው ፊት ግን አትናገረውም። ሴት ከሴት ጋር መሄድ የሚፈልጉ ካሉ ያለምንም ጥያቄ ይመደቡ።

ፓርኪንግ ላይ ግን ደፈር በሉ። ሜክሲኮ ላይ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ምን ያህል መከራ እንደሆነ አንቺ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ሶስትና ከዛ በላይ ሰው ይዞ የገባ መኪና ግቢ ውስጥ ይቁም፣ ለአለቆች ከተያዘው ቦታ ተቀንሶም ቢሆን። ከማስታወቂያው ይልቅ ይሄ ነው ሰው የሚያንቀሳቅሰው፣ አለቆቹም የምር መፈለጋቸው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ሁሉንም ሰፈር ባንዴ አትነካኩ። ለምሳሌ ከሰሚት ፍየል ቤት አካባቢ ያሉትን ብቻ በአካል አገናኟቸው፣ ቡና ጋብዣቸውና የሚነሱበትን ቦታና ሰዓት እዛው ይቁረጡ፣ ያረፈደ ሰው አምስት ደቂቃ ይጠበቃል ከዛ መኪናው ይሄዳል፣ ይሄንንም ከመጀመሪያው ይስማሙበት። የቴሌግራሙን ግሩፕ በሰፈር በሰፈር ክፈሉት፣ የአያት ሰው የሰሚትን መልእክት በየቀኑ እያነበበ አይሰልች። አያትና ሲኤምሲ የሰሚቶቹ አንድ ወር ከሄዱ በኋላ ይግቡ፣ ያኔ ሂሳቡም ሰዓቱም ተፈትኗል፣ የጎደለውንም ከነሱ ትሰማላችሁ።