«ወንበሮቼን ጭነው ሄዱ፤ ደጅ ማስጠጣት ክልክል ነው?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከምሥራቅ ጎጃም ነው። ከተማዬ ከደብረ ማርቆስ ብዙም አትርቅም፤ ስሟ ይቆይ። ግሮሰሪ አለችኝ፤ ቤቱ የኪራይ ነው። ውስጡ በጣም ጠባብ ነው። አምስት ጠረጴዛ ስደረድር አስተናጋጇ በጎኗ ነው የምታልፈው። በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ቢራ አከፋፋዩ ሁለት ትልልቅ ጥላና 16 የፕላስቲክ ወንበር ሰጠኝ። በሬ ፊት ያለው ኮብልስቶን ላይ፣ እስከ ውኃ መውረጃው ቦይ ድረስ ዘረጋኋቸው። ከመዘርጋቴ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ጠይቄ ነበር። «አስቀምጪ፣ ምን ችግር አለው» አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ወንበሮቹን ጭነው ሄዱ። ዋንዛ ያለበት፣ ወደ 12 ሜትር የሚረዝም ጓሮም አለኝ። ግን አጥሩን የምንጋራው ከአንድ መሪጌታ ጋር ነው፤ ገና ወሬውን ሲሰሙ ተቆጥተዋል። ምን ይሻለኛል?

ባለ ግሮሰሪዋ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። «አስቀምጪ፣ ምን ችግር አለው» የምትለዋን አውቃታለሁ። ማዘጋጃ ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት እኔም ሳልላት አልቀረሁም። የሚላት ሰው ክፋት የለውም። ግን ስሙንም ፊርማውንም አያስቀምጥባትም። ደንብ አስከባሪው ሲመጣ ደግሞ የሚጠይቅሽ ወረቀት ነው።

ከወረቀቱ በፊት ግን መሬቱ። ወንበሩ ያረፈበት መሬት የማን ነው? ከበርሽ እስከ ቦዩ ያለው ኮብልስቶን የአንቺም የአከራይሽም አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1446 ጎዳናን የሚቆጥረው ለሕዝብ አገልግሎት የተመደበ ሀብት አድርጎ ነው። ከተማው ቢፈቅድልሽ እንኳ ለጊዜው ነው፤ ባስፈለገው ቀን «አንሺ» ይልሻል። እግረኛውንም አስቢው። 16 ወንበር ከነሰዉ ሲዘረጋ፣ አህያ የሚነዳው ገበሬም ልጅ ያዘለችው እናትም አስፋልት ላይ ይወርዳሉ። አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አለ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚከንፈው መኪና አለ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቦዩ አፍ ላይ ያለ ጠረጴዛ ቆሻሻ ይይዛል፤ ውኃው ዞሮ ቤትሽ ይገባል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ብሆን አልፈቅድልሽም ነበር።

ስለዚህ ወደ ጓሮው እንሂድ። ዋንዛ ሥር መጠጣት ማን ይጠላል! መጀመሪያ ጓሮው በአከራይሽ ካርታ ውስጥ መሆኑን አረጋግጪ። የኪራይ ውልሽ ቤቱን ብቻ የሚጠቅስ ከሆነ ጓሮውንም አስጨምሪበት። ደንበኛ እንደሚስተናገድበት በግልጽ ተጽፎ ይፈረም። የአከፋፋዩ ጥላ ይበቃሻል። «ምሰሶ ልትከል፣ ቆርቆሮ ልምታ» ካልሽ ነገሩ ግንባታ ይሆናል፤ በሕንፃ ሕጉ ሌላ ፈቃድ ይመጣብሻል። የደብረ ማርቆስን አካባቢ ብርድ አውቀዋለሁ፤ ሐምሌ ላይ በጥላ ሥር የሚጠጣ ጀግና ብዙ አይገኝም። ቢሆንም የዘንድሮን ክረምት እንደምንም ውስጥ አሳልፊው። ጓሮው አዋጭ መሆኑን ሳታዪ ገንዘብሽን ቆርቆሮ ላይ አታፍስሺ።

ከዚያ ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ ጻፊ። አንድ ገጽ ይበቃል። የቦታውን ርዝመትና ስፋት፣ የወንበሩን ብዛት፣ የምትከፍችበትንና የምትዘጊበትን ሰዓት አስፍሪ። በእጅ የተሠራ ንድፍም ቢሆን አያይዢ፤ በሩ የት ነው፣ ሽንት ቤቱ የት ነው፣ የመሪጌታ አጥር የት ነው። የንግድ ፈቃድሽንና የውሉን ኮፒ ጨምሪ። ደብዳቤውን ለሰው በእጅ ሰጥተሽ እንዳትመጪ! መዝገብ ቤት አስገቢ፤ ቀሪው ላይ ቁጥርና ማኅተም አስደርጊ። ያቺ ቀሪ ናት ነገ የምታድንሽ።

አሁን ወደ መሪጌታ። ጎጃም ውስጥ ከመሪጌታ ጋር መጣላት አይመከርም፤ በአንድ ቅኔ አንቺንም ግሮሰሪሽንም ሰምና ወርቅ ያደርጓችኋል። ቀልዱን ተዪውና፣ ሕጉም ከእርሳቸው ጋር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለ ይዞታ በጢስ፣ በመጥፎ ሽታና በጩኸት ከጉርብትና ልክ አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ልኩ ሲመዘን የአካባቢው ልማድ ይታያል ይላል። የድምፅ ገደብም አለ፤ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ ለንግድ ሰፈር 65 እና 55። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጀምራል። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው በደህና ሲያወሩ እንኳ ድምፃቸው ወደ 60 ይጠጋል። አሁን አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ሦስተኛው ቢራ ላይ ደርሶ ስለ ኳስ ሲከራከር አስቢው!

ስለዚህ ስፒከሩ ጓሮ አይወጣም። ጠረጴዛዎቹን ከአጥሩ አርቀሽ ወደ ቤቱ ግድግዳ አስጠጊ። 3 ሰዓት ሲል ጓሮው ይዘጋ፤ የቀረው ሰው ውስጥ ይግባ። ለማኅሌት በሌሊት የሚነሡ ሰው ናቸው፤ ይህንን ከአንቺ አፍ ቢሰሙት ይሻላል። ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው። ሰዓቱን ንገሪያቸውና ማመልከቻው ላይ እንደማይቃወሙ እንዲፈርሙልሽ ለምኚ። እንቢ ካሉ ምክንያታቸውን ጠይቂ።

ምክንያታቸውን ከወዲሁ ልገምት? እኔ ጋ ይመጣ የነበረው የጎረቤት አቤቱታ አብዛኛው «ጩኸት» ብሎ ይጀምርና ሄዶ ሄዶ ሽንት ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ ጊዜ አንዲት እናት በጠርሙስ አፈር ይዘው ቢሮዬ መጡ። «አሽትተው» አሉኝ። ከአጥራቸው ሥር የተዛቀ ነበር። አላሸተትኩም፤ ግን በማግስቱ ቦታው ድረስ ሄድኩ። መጠጥ ቤቱ አንድ ሽንት ቤት ነበረው፤ እሱም ተቆልፎ ቁልፉ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ነው። ወንበር ስትጨምሪ የሚጨመረው ቢራ ብቻ አይደለም፣ ልጄ። ሽንት ቤትሽ አንድ ከሆነ ሁለተኛ ሳትሠሪ ጓሮውን አትክፈቺ። ውኃና መብራት ይኑረው፤ በጨለማ ከሆነ ሰዉ አጥሩን ነው የሚመርጠው።

ሲጋራም አለ። ብዙ ሰው ደጅ ከሆነ ይቻላል ብሎ ያስባል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ግን ከበርና ከሚከፈት መስኮት 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስን ይከለክላል። 12 ሜትር ጓሮ ውስጥ የሚተርፍሽን ቦታ አንቺው አስይው። መተርኮሻም አታስቀምጪ። ዕድሜው 21 ላልሞላ መጠጥ አይሸጥም፤ የሚያውቅሽ የጎረቤት ልጅም ቢሆን።

የተወሰዱብሽን ወንበሮች በተመለከተ፣ ቅጣት ክፈይ ካሉሽ ያለ ደረሰኝ አምስት ሳንቲም አትስጪ። የተወሰደውን ዕቃ ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቂ። ስትረከቢም እዚያው ቆመሽ ቁጠሪ፤ 16 ነበሩ ብለሻል። ጥላዎቹ ደግሞ የአከፋፋዩ ንብረት ናቸው ወይስ የአንቺ? አብረው ተጭነው ከሆነ ዛሬውኑ ደውዪለት።