22ቱ የራስ ቅል አጥንቶች ተምታቱብኝ ላልሽው

«ሳምንት የአናቶሚ ፈተና አለብኝ፣ የራስ ቅል አጥንቶችን እንዴት ልሸምድዳቸው?» ላልሽው እህቴ፦ አትሸምድጃቸው።

እኔ ሸምድጄ ጉድ ሆኛለሁ። «8 የአንጎል፣ 14 የፊት» እያልኩ ስቆጥር ሰንብቼ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ አንድ አጥንት ለብቻው ተቀምጧል። «ስሙ? የየት ጎን?» ይላል ወረቀቱ። ቴምፖራል መሆኑን አውቄያለሁ። ግራ ይሁን ቀኝ ግን ግራ ገባኝ! ደወሉ ጮኸ፤ ባዶውን ትቼው አለፍኩ።

ከዚያ ወዲህ የገዛ ራሴን መዳሰስ ጀመርኩ። አንቺም እጅሽን ግንባርሽ ላይ አድርጊ፤ ፍሮንታል ነው። አናትሽ ላይ ግራና ቀኝ ሁለቱ ፓራይታሎች አሉ፤ መሃል ለመሃል ተሰፍተዋል። ከማጅራትሽ ከፍ ብሎ ጎላ ያለች ጉብታ ስታገኚ ኦክሲፒታል ላይ ነሽ። ጆሮ ግንድሽ ቴምፖራል። ከጆሮሽ ጀርባ ያለችው ጉብታም የሱው ናት። እኔን የጣለችኝ እሷ ነች፦ ጉብታዋን ወደ ኋላና ወደ ታች፣ ወደ ጉንጭ የሚዘረጋውን ቀጭን ድልድይ ወደ ፊት አድርገሽ ያዢው፤ ጎኑ ራሱ ይነግርሻል።

የቀሩት ኤትሞይድና ስፌኖይድ ናቸው። ኤትሞይድ ከአፍንጫ ጀርባ፣ በሁለቱ ዓይኖች መሃል ተደብቋል። ስፌኖይድ ክንፉን የዘረጋ የሌሊት ወፍ ይመስላል፤ የቀሩትን 7 የአንጎል አጥንቶች በሙሉ ይነካል። ስለዚህ ስትስዪ ከሱ ጀምሪ።

ፍሮንታል፣ ፓራይታል፣ ቴምፖራልና ስፌኖይድ የሚገናኙበት ቦታ ቴሪዮን ይባላል። መምህራን ይወዱታል፣ እውነታቸውንም ነው። አጥንቱ እዚያ ጋ ስስ ነው፤ ከውስጥ በኩል ደም ቅዳ ያልፋል፤ አጥንቱ ሲሰበር ደም ቅዳው ሊቀደድና የሚፈሰው ደም ቀስ በቀስ አንጎልን ሊጫን ይችላል። ጆሮ ግንዱ አካባቢ ተመትቶ እያወራ ሆስፒታል የደረሰ ሰው፣ ከሰዓታት በኋላ ራሱን ሊስት የሚችለው ለዚህ ነው።

የፊቶቹ አያስቸግሩም። ነጠላዎቹ የታችኛው መንጋጋና ቮመር (አፍንጫን መሃል ለመሃል የሚከፍለው ስስ አጥንት) ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ስድስት ጥንድ።

ቤት ውስጥ ጨቅላ ካለ ደግሞ እርግብግቢቱን ቀስ ብለሽ ዳብሺ። ፍሮንታልና ፓራይታል ገና ያልገጠሙበት ክፍተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 18 ወር አካባቢ ይዘጋል።

የፕላስቲክ ቅል በውሰት የምትወስጂ ከሆነ ባለቀለሙን ተዪው። ፈተና ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ገርጣ ያለ ነው።