ግሬናዳ፦ ከባህር ዳርቻው አልፎ ወደ ገውዙ አገር

እህቴ፣ «ከባለቤቴ ጋር ወደ ካሪቢያኗ ደሴት ግሬናዳ ልንሄድ ነው። ሆቴላችን ግራንድ አንስ የሚባለው የባህር ዳርቻ ላይ ነው። ቅመም የሚበቅልበትን ገጠር ለማየት አንድ ቀን ብንመድብ ያዋጣል? መኪና እንከራይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ያዋጣል! ግን በአንድ ቀን ደሴቱን ሙሉ ለመዞር አትሞክሩ።

እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ የቡድን ጉብኝት ገዛሁ። ፏፏቴ ሃያ ደቂቃ፣ ሐይቅ ሃያ ደቂቃ። ሱቁ ጋ ስንደርስ ግን ጊዜው ሞልቶ ተረፈ። ገባሽ አይደል?

በሁለተኛው ጉዞዬ ግን አርብ ቀን መርጬ ጓቭ ወደምትባል ከተማ በሚኒባስ ሄድኩ። ከዋና ከተማው ከሴንት ጆርጅስ 5 ቁጥር ነው፤ የምዕራቡን ጠረፍ ይዞ ይሄዳል። ሙዚቃው ይጮኻል፣ ሹፌሩ ይበራል። ለመውረድ «ወራጅ አለ» አይባልም፤ የመኪናውን ግድግዳ ኳ ኳ ማድረግ ነው።

ጓቭ ውስጥ ገውዝ (ነትመግ) የተባለው ቅመም የሚዘጋጅበት አሮጌ ትልቅ ሕንፃ አለ። ገና ስትገቢ ሽታው ይቀበልሻል። ፍሬው በሰፋፊ የእንጨት መደብ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ሴቶች ተቀምጠው በእጅ ይለቅማሉ። ውሃ ውስጥ ሲጨመር የሰመጠው ጥሩ ነው፣ የተንሳፈፈው ዝቅ ያለ ደረጃ ይሰጠዋል። እኛ የምናውቀው ከቅመም ሱቅ የምንገዛውን ደረቅ ፍሬ ብቻ ነው። ዛፉ ላይ ግን ቢጫ ነው፤ ሲበስል ራሱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ውስጡ ጥቁር ቡናማ ዘር፣ በላዩ ደማቅ ቀይ መረብ የመሰለ ልባስ። ያም ልባስ ደርቆ ለብቻው ይሸጣል። ሥጋውን ደግሞ ማርማላታ ይሠሩበታል። ባንዲራቸው ላይ ያለውም ይኸው ፍሬ ነው።

ባዶ መደብ ካያችሁ አትገረሙ። ግሬናዳ በገውዝ ምርት ከኢንዶኔዥያ ቀጥላ ከዓለም ሁለተኛ ነበረች። መስከረም 2004 (እ.ኤ.አ.) ኢቫን የሚባለው አውሎ ነፋስ አብዛኛውን ዛፍ ጣለው። አዲስ የተተከለ ዛፍ ፍሬ ለመስጠት ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ያን ያህል መጠበቅ ያልቻለ ገበሬ ብዙ ነው። በ2024 ደግሞ ቤሪል የሚባል ሌላ አውሎ ነፋስ መጥቶ ሰሜኑን መታ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ ሰሜን ቀጥሉና ቤልሞንት የሚባለውን የካካዎ (የቸኮሌት ፍሬ) እርሻ እዩ። ፍሬው ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ሠራተኞቹ በእግራቸው እየተራመዱ ያገላብጡታል። እዚያው አካባቢ ሪቨር አንትዋን የሚባል የሩም መጥመቂያ አለ፤ ከ1785 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሸንኮራውን የሚጨምቀው በውሃ ኃይል በሚዞር መንኮራኩር ነው። ሩሙ 75 በመቶ አልኮል ነው! አውሮፕላን ላይ ስለማይፈቀድ ለእንግዳ 69 በመቶ የሆነውን ይሸጣሉ። ቀለል ያለ መሆኑ ነው እንግዲህ።

መኪናውን እኔ አልመክርም። የሚነዳው በግራ ነው፤ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ፣ የአገሩ ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድም ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ሰሜኑን ከጨመራችሁ ለቀኑ ታክሲ ያዙ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በየትኛው ዶላር እንደሆነም ጠይቁ። የነሱ 2.70 ዶላር ከአንድ የአሜሪካ ዶላር ጋር እኩል ነው።

አርብ ማታ ጓቭ መንገዱ ላይ ዓሣ ይጠበሳል፣ ከበሮም አይጠፋም። ለዚያ ብላችሁ አምሹ፤ ግን ሚኒባስ ሲመሽ ስለሚጠፋ መመለሻችሁን ቀድማችሁ አስቡ። ገውዝ ስትገዙ ደግሞ ያልተፈለፈለውን ምረጡ፣ ሽታው ይቆያል። ነቅነቅ አድርጊው፤ ውስጡ ከተንኳኳ ደርቋል።